ስለ ሴራሚኩ ብቻ ለተናገርኩበት ስድስት ደቂቃ

ለክቡር ሚስተር ጃይልስ ቶርንበሪ
የካልደርዊክ ከተማ ምክር ቤት የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል የከተማው ነዋሪ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎና ለኮሚቴዎ አባላት በሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም የፊኛና የኩላሊት ጤና። ምኞቴ ከልቤ ነው። በእኛ ከተማ እነዚህ ሁለቱ የጎደሉበት ሰው ምን እንደሚገጥመው ስለማውቅ ለጠላቴም አልመኘውም፤ እርስዎ ደግሞ ጠላቴ አይደሉም፣ ስሜን በነሐስ ሰሌዳ ላይ ያስጻፉልኝ ባለውለታዬ ነዎት። ስለ ሰሌዳው በቦታው አነሳለሁ።

ክላረንስ ኦልድሮይድ እባላለሁ። ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ ከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ቁጥርን። ዛሬ የምጽፍልዎ፣ በመጪው ማክሰኞ ኮሚቴዎ በአውቶቡስ መናኸሪያው ያለውን የከተማችንን የመጨረሻ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ለመዝጋት ድምፅ ሊሰጥ መሆኑን በመብራት ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ስላነበብኩ ነው። ማስታወቂያው የተለጠፈው ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ ያነበብኩት አንድ ረጅም የፖስታ ሠራተኛ ተንጠራርቶ ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ ነው። ቀጭኔዎች እንዲያነቡት ካልታሰበ በቀር ለምን እንደዚያ እንደተሰቀለ አልገባኝም።

የገበያ አደባባዩን መጸዳጃ ቤት ከሁለት ዓመት በፊት ስትዘጉት በጠራችሁት ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ስድስት ደቂቃ ተናግሬ ነበር። ያስታውሱኝ ይሆናል፤ አጨብጭበውልኛል። ያን ዕለት መናገር የነበረብኝን ነገር ግን አልተናገርኩም። ይህ ደብዳቤ እሱን ሊናገር የተጻፈ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኝ ይሆናል፤ እውነትዎን ነው፣ የመጀመሪያው ጅብ የኔን ቤት አራቁቶ ሄዷል። ሁለተኛው ግን ማክሰኞ ይመጣል።

ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያነብ ከዚህ ቀደም ከላክኋቸው ደብዳቤዎች ተምሬያለሁና።

አንደኛ፣ ስለ ቀልድዎ አመሰግናለሁ። ያን ስብሰባ ሲከፍቱ፣ «ዛሬ የተሰበሰብነው አያቶቻችን ፔኒያቸውን ሲያጠፉበት ስለነበረው ስፍራ ልንወያይ ነው» ብለው አዳራሹን በሳቅ አፈነዱት። እኔም ስቄአለሁ። ይሁን እንጂ አርባ ዓመት ገና ያልሞላዎት ሰው ስለሆኑ፣ የቀለዱበት አነጋገር ከየት እንደመጣ የነገረዎት ያለ አይመስለኝምና፣ እንደ ታላቅዎ ልንገርዎ።

እኛ አገር ሽንት የሚባል ነገር የለም። ሴቶቻችን አፍንጫቸውን ዱቄት ሊቀቡ ይሄዳሉ። ወንዶቻችን ስለ ውሻ ጉዳይ አንድ ሰው ሊያነጋግሩ ብቅ ይላሉ። ልጆቻችን እጃቸውን ሊታጠቡ ያስፈቅዳሉ። ባለቤቴ ዊኒፍሬድ ደግሞ አንድ ፔኒ ልታጠፋ ትሄድ ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመት በአንድ ጣሪያ ስር ስንኖር ለዚህ ነገር ሌላ ቃል ከአፏ ወጥቶ አልሰማሁም። ሐኪም ቤት እንኳ ሄዳ ለሐኪሙ፣ «ፔኒ የማጠፋው በጣም እየበዛ ነው» ብትለው ሐኪሙም ያው የአገር ልጅ ነውና፣ «በቀን ስንት ፔኒ?» ብሎ ጠየቃት። መድኃኒቱን በዚያው ቋንቋ አዘዘላት።

ፔኒዋ ግን ቀልድ አልነበረችም። በዚያ አረንጓዴ ሴራሚክ በለበሰው የገበያ አደባባዩ ቤት፣ በሴቶቹ በኩል፣ በየበሩ ላይ የነሐስ መቆለፊያ ነበረ። ያችን የድሮዋን ትልቅ የመዳብ ሳንቲም፣ ፔኒን፣ ካላጎረሱት አይከፈትም። ወንዱ ቆሞ በነፃ፣ ሴቷ ተቀምጣ በፔኒ። አንዳንዱ ሰው ነገሩ የተጀመረው በድሮዋ ንግሥት ዘመን ለንደን ውስጥ በተደረገ ታላቅ ኤግዚቢሽን ነው ይላል፤ ያን ጊዜ አንድ ፔኒ የከፈለ ሰው ንጹህ መቀመጫ፣ ፎጣና ማበጠሪያ ይሰጠው፣ ጫማውም ይጠረግለት ነበር አሉ። እውነት ይሁን ተረት እኔ አላውቅም፤ አርጅቻለሁ እንጂ ያን ያህል አላረጀሁም። የማውቀው፣ ሴቶቻችን ወደ ገበያ ሲመጡ በጓንታቸው ውስጥ አንዲት ፔኒ ለይተው ይይዙ እንደነበረና፣ ጓደኛቸው «የት ልትሄጂ ነው?» ስትላቸው ያቺን ፔኒ ማሳየት ብቻ ይበቃቸው እንደነበረ ነው። አነጋገሩ የተወለደው ከዚያ ነው። ከእፍረት ነው የተወለደው፣ ክቡር ሆይ፣ ከቀልድ አይደለም።

የዊኒ እናት ደግሞ አንድ ነገር አስተምራታለች። «ስትወጪ በሩን አትልቀቂው። በእጅሽ ይዘሽ ለቀጣይዋ አቀብያት።» በሩ ካልተዘጋ መቆለፊያው ሌላ ፔኒ አይጠይቅም። እንዲህ እየተቀባበሉ አንዳንድ ሐሙስ በአንዲት ፔኒ ሰልፉ ሙሉ ያልፍ ነበር። አይተዋወቁም፣ ስም አይጠያየቁም፣ ውጭ ሲገናኙም ሰላም አይባባሉም። በር ግን ይያያዛሉ። ዊኒ ይህን ስትነግረኝ ሁልጊዜ ትስቅ ነበር፤ «መንግሥትን የሰረቅኩት በዚህ ብቻ ነው» ትለኛለች። መቆለፊያዎቹ ተነቅለው በሩ በነፃ ከሆነ በኋላ እንኳ ያ ልማድ አልለቀቃትም፤ ሱቅም ባንክም ስትገባ በር ይዛ በመቆሟ አውቶቡስ ያመለጠን ጊዜ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ሴራሚኩን ስላዳናችሁልኝ አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለብኝ። ሦስት ቀን ሞክሬ ሦስት ቀን ብዕሬን አስቀምጫለሁ። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ጁዲትን ከወለደች ጀምሮ ሽንቷን መቋጠር አትችልም ነበር። ይኸው ጻፍኩት። ዊኒዬ፣ ይቅር በይኝ።

የገበያ አደባባዩ ቤት ለሌላው ሰው ምን እንደነበረ አላውቅም፤ ለእሷ ግን ወደ ዓለም መውጫ በሯ ነበር። ከቤታችን ገበያ በስድስት ቁጥር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። እዚያ እንደወረደች በቀጥታ ወደ አረንጓዴው ቤት፤ ከዚያ ወደ ዓሣው፣ ወደ ሹራብ ክሩ፣ ከጓደኛዋ ከሙሪየል ጋር ወደ ሻይ፤ ከዚያ አንዴ ደግማ ወደ አረንጓዴው ቤት፤ ከዚያ ወደ ቤቷ። ሐሙስ ሐሙስ። ከፀጉር ቤት ይልቅ የሚያሳምራት ሐሙስ ነበር።

የስብሰባችሁ ዕለት ጠዋት ክራቫቴን እያስተካከለችልኝ እንዲህ አለችኝ፦

«ክላረንስ፣ የኔን ነገር እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንዳታነሳ። ካነሳህማ አንተን አያርገኝ!»

«ታዲያ ምን ልበል? አፌን ዘግቼ ልመለስ?»

«ስለ ሴራሚኩ ተናገር። ያምራል በል። ሴራሚክ የሚጠላ ሰው የለም።»

«ሰው እዚያ የሚገባው ሴራሚክ ሊያይ ነው እንዴ፣ አንቺ ሴት?»

«ዝም በል! ማልልኝ አሁን።»

ማልኩላት። አዳራሹ ስደርስ በሁለተኛው ረድፍ ሰባት የጸሎት ቤታችን ሴቶች ተቀምጠዋል፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ሁሉም ለምን እንደመጡ አውቅ ነበር፤ እነሱም እኔ ለምን እንደመጣሁ ያውቁ ነበር። አንዳቸው እጅ አላወጡም። እኔ አወጣሁ። ስለ አረንጓዴው ቀለም ተናገርኩ፤ ስለ ጠርዙ አበባ ተናገርኩ፤ የጥንት ሠራተኞች እያንዳንዱን በእጅ እንዳስቀመጡት ተናገርኩ። እንዲያ የማወራውን ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቀው። ሰባቱም ሴቶች ወለሉን ያያሉ። ስጨርስ እርስዎ ቆመው አጨበጨቡልኝና፣ «እንዲህ ያለ ጨዋ ንግግር በዚህ አዳራሽ ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው፦ «ሚስተር ክላረንስ ኦልድሮይድ ስለ ሴራሚኩ ታሪካዊ ዋጋ ተናግረዋል። ኮሚቴው አስተያየታቸውን ሙሉ በሙሉ ተቀብሏል። ሌላ ተቃውሞ አልቀረበም።» በዕድሜዬ ሙሉ ባለሥልጣን የለመንኩትን አንድም ሳያጎድል የፈጸመልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሴራሚኩ ቀረ። መጸዳጃ ቤቱ ተዘጋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ የሚስቱን በሽታ የደበቀ ምን እንደሚባል ግን የነገረኝ የለም።

ሦስተኛ፣ ስለ ካፌው። ቤቱን ለካፌ አከራያችሁት፣ ሴራሚኩም በርቶ ይታያል፤ ደንበኞች ፎቶ ይነሱበታል። በግድግዳው ላይ «ለሚስተር ክላረንስ ኦልድሮይድ ከምስጋና ጋር» የሚል የነሐስ ሰሌዳ አሰቅላችኋል። ለምረቃው ጠርታችሁኝ ሄጃለሁ። እዚያው ካፌ ውስጥ አንድ መጸዳጃ ክፍል አለ፤ የሚከፈተው በደረሰኙ ግርጌ በሚጻፍ ቁጥር ነው፤ ደረሰኝ የሚገኘው ደግሞ ቡና ሲገዙ ነው። ዊኒፍሬድ በአንዲት ፔኒ ሰልፉን ሁሉ ስታሳልፍ የነበረችበት በር ዛሬ ሦስት ፓውንድ ከሰማንያ ሆኗል። ሰሌዳውን በየሳምንቱ የሚወለውለው ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፤ ስሜ እንደ መስታወት ያበራል።

አራተኛ፣ በሱቆች መስኮት ላይ ስለለጠፋችኋት ስዕል። «እዚህ ገብተው መጠቀም ይችላሉ» የምትለዋን ማለቴ ነው። ደግ ሐሳብ ነበር። ያሰበው ሰው ግን የዊኒን ዓይነት ሴት አግኝቶ አያውቅም። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ከእናቷ ጡት ጋር የጠባች ሴት ሥጋ ቤት ገብታ፣ ወረፋ በሞላበት፣ ሚስተር ሳግደን ቢላ እየሳለ፣ «ይቅርታ፣ ላስቸግርዎ፣ መጸዳጃ ቤትዎን» ልትል? የመጀመሪያው ሐሙስ ሞከረች። ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ሚስተር ሳግደን፣ «እንዴት ነሽ ዊኒ፣ ምን ልስጥሽ?» አላት። «ግማሽ ኪሎ ቋሊማ» አለችው። በሚቀጥለው ሐሙስም ግማሽ ኪሎ ቋሊማ። ቋሊማ ሁለታችንም አንወድም። አንድ ወር ሙሉ ቋሊማ በላን፤ እኔ የሚገርም ሰው ነኝ፣ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ቀጥሎ መጠጣት ተወች። ሐሙስ ገበያ ለመሄድ ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ምንም ነገር በአፏ አይዞርም። ሐሙስ ጠዋት ሻይ ሳቀርብላት፣ «አንተ ጠጣው፣ እኔ ቀድሜ ጠጥቻለሁ» ትለኛለች። አልጠጣችም። በዚህ አገር የሰማንያ ዓመት ሴት የጠዋት ሻይ እምቢ ስትል ባል የሆነ ሰው ጎረቤት ይጠራል፣ ሐኪም ይጠራል፣ ቄስ ይጠራል። እኔ ሻዩን ጠጣሁት። ሙሪየል በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሻይ ቤትም አብረው ሲቀመጡ ዊኒ ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ ትሞቀው ነበር እንጂ አትጠጣም ነበር። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። እኔ ብርድ ነው ብዬ ቅባት ገዛሁላት።

አምስተኛ። አምስተኛው ላይ እናንተን ከማመስገን በፊት አንድ የማላውቀውን ወጣት ማመስገን አለብኝ። ባለፈው ዓመት በመጋቢት፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ከስድስት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ስልክ ተደወለልኝ። ስሙ ካሊድ ይባላል። ለሰላሳ አራት ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ነው።

«ሚስተር ኦልድሮይድ ነዎት? ባለቤትዎ ደህና ናቸው፣ አይደንግጡ። መጨረሻው ፌርማታ ነው ያለነው። አልነሳም ብለው ነው።»

«ምን ሆነች?»

«ሻይ ደፍቼ ነው አሉኝ። ካፖርት ቢያመጡላቸው ጥሩ ነው።»

ካፖርቴን ይዤ በታክሲ ሄድኩ። አውቶቡሱ ባዶ ነው፤ መብራቱን አጥፍቶ በሩን ዘግቶላታል፣ ሰው እንዳይገባ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ዊኒ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ። ቀና ብላ አላየችኝም። «ሻይ ደፋሁ፣ ክላረንስ» አለችኝ። እጇ ላይ ኩባያ አልነበረም፤ በአካባቢውም አልነበረም። ካሊድ ከበሩ ሆኖ፣ «እኔም ሁልጊዜ ይደፋብኛል፣ እማማ። ይሄ አውቶቡስ መንገራገጩ ነው» አላት። ከዚያ ስትነሳ ወንበሩን እንዳያይባት ብሎ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። የዚያ ልጅ አባት ይባረክ። እኔ ስለ አረንጓዴ ቀለም የተናገርኩትን ያህል ጊዜ አልፈጀበትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ዊኒፍሬድ ከቤት አልወጣችም።

ስድስተኛ ይሁን ሰባተኛ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሥራ አንድ ወር ነው። በመጀመሪያ ሐሙስን ተወች፣ ቀጥሎ እሑድን፣ ቀጥሎ የጎረቤትን በር። ስልክ ሲደወል፣ «ትንሽ ደከም ብሏታል» እላለሁ። የጸሎት ቤቱ ሰው ሲመጣ፣ «ጉንፋን ቢጤ ነው» እላለሁ። ጁዲት ከምትኖርበት ከሩቅ እየደወለች፣ «አባዬ፣ እማዬ ምን ሆናለች? እውነቱን ንገረኝ» ስትለኝ፣ «ዕድሜ ነው ልጄ» አልኳት። ለገዛ ልጄ! ሁላችንም በዚህ ጥበብ የተካንን ነን፣ ክቡር ሆይ። እናንተ «የአገልግሎት ማሻሻያ» ትላላችሁ፣ እኔ «ጉንፋን ቢጤ» እላለሁ፣ እሷ «ሻይ ደፋሁ» ትላለች፤ ሦስታችንም አንድ ነገር ነው የምንሸፍነው።

ቤት ውስጥም መጠጣት አልጀመረችም። ፍርሃቱ አብሯት ገባ። በጥር ትኩሳት ያዛት፤ ኩላሊቷ ደርቋል አሉን። ሆስፒታል ሦስተኛው ቀን ላይ እኔ እጇን ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ ከሕንድ አገር ከኬረላ የመጣች ቢንዱ የምትባል ነርስ መጣች። ዊኒ ያቺኑ የፔኒ ነገሯን ጀመረች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ነርሷ እኔን ቀና ብላ አየችኝ፤ የምትለው ገብቷታል፣ በዚህ አገር አሥር ዓመት ሠርታለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ «እማማ፣ ሽንት ነው እኮ። ሽንት። ሁላችንም አለን። ኃጢአት አይደለም» አለቻት።

ዊኒ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች፣ እንደ ልጅ እያለቀሰች ደግሞ ሳቀች። ማታ ልለያት ስነሳ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «ሰማሃት? ኃጢአት አይደለም አለችኝ» አለች። ያን ያህል ነው ያለችው። ለእነ ቶርንበሪ ንገራቸው አላለችም፤ ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ አላለችም። እኔ ነኝ እንደ ፈቃድ የወሰድኩት። ተሳስቼም ከሆነ ስሄድ እጠይቃታለሁ። በየካቲት ዐሥራ አንድ ሞተች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነበር።

የገደላችኋት እናንተ ናችሁ አልልም። እንዲያ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እናንተ የተነገራችሁን ሰምታችኋል። የተነገራችሁ ስለ ሴራሚክ ነው። የተናገርኩትም እኔ ነኝ። በአዳራሹ የነበረው ብቸኛ ምላስ የኔ ነበር፣ እሱንም አበባ ጠርዝ አድርጌ አስጌጥኩት።

የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ያን ቃለ ጉባኤ ያርሙልኝ። «ሌላ ተቃውሞ አልቀረበም» ከሚለው ቀጥሎ፣ እነሆ በፊርማዬ የማቀርበውን ያስገቡ፦ «ሚስተር ኦልድሮይድ ባለቤታቸው ሽንቷን መቋጠር እንደማትችልና፣ ይህ ቤት ከተዘጋ ከቤቷ መውጣት እንደማትችል ያውቁ ነበር። አፍረው ሳይናገሩ ቀሩ።» ሁለተኛው፣ ማክሰኞ የመናኸሪያውን አትዝጉ። ሙሪየል ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከቀብሩ መልስ ነገሩን ሁሉ ስነግራት ሳንድዊቿን አስቀምጣ፣ «ክላረንስ፣ እኔ ዛሬ እዚህ የመጣሁት መናኸሪያው ክፍት ስለሆነ ነው። እሱ ከተዘጋ የሚቀጥለው ቀብር ላይ አታየኝም፣ የራሴ ካልሆነ» አለችኝ። ሙሪየል ይህን ለወንድ ስትናገር በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ጆሮዋ ቀልቶ ነበር። እሷንም ቤቷ ውስጥ እንዳትዘጉብኝ እለምናለሁ። በዚህች ከተማ የቀረችኝ የዊኒ ሰው እሷ ናት።

ማክሰኞ እገኛለሁ። ስለ መናኸሪያው ሴራሚክ አልናገርም፤ የለውም፣ በሲሚንቶ የተመረገ አስቀያሚ ቤት ነው። እግዜር ይመስገን፣ የሚመሰገን ነገር የሌለው ቤት ነው።

ታዛዥነቴንና አክብሮቴን ከእርጅናዬ ጋር አስተባብሬ፣ የክቡርነትዎን የወደፊት ብልጽግና፣ የኮሚቴዎንም የጠራ እይታ እየተመኘሁ፣ ዘወትር በግድግዳዎ ላይ የማበራ ትሑት አገልጋይዎ ነኝ።

ክላረንስ ኦልድሮይድ
የዊኒፍሬድ ኦልድሮይድ ባል

ተጨማሪ፦ በዓሣው ወረፋ ላይ ይህን ታሪክ ለሁለት ሴቶች ባወራ፣ ሁለቱ አራት ሆኑ፣ አራቱ ደግሞ ጎረቤት ጠሩ። እስከ ትናንት ሠላሳ አንድ ሴቶች ማክሰኞ አብረውኝ ሊመጡ ስማቸውን ሰጥተውኛል፤ ትንሿ ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሁሉም መናገር ይፈልጋሉ። ረጅም ስብሰባ ስለሚሆን፣ ከቤታቸው ሁለት ሁለት ኩባያ ሻይ ጠጥተው እንዲመጡ አደራ ብያቸዋለሁ። እንግዲህ የአዳራሹን መጸዳጃ ቤት ከፍተው እንዲጠብቁን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ባይመችዎትም ግድ የለም፤ አዳራሹ ውስጥ አዲስ ምንጣፍ ማስነጠፍዎን ሰምተናል።